ጉዲና ቱምሳ
ቄስ ጉዲና ቱምሳ (1929–1979 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ በመከራ በመጽናታቸው ይታወሳሉ። በወለጋ ቦጂ ተወልደው፣ ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴንት ፖል በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ።

ጉዲና ተቺም ነበሩ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያኒቱ በእሳቸው መሪነት የምዕራብ ለጋሾችን በጽሑፍ ወቀሰች፦ ለልማት ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራ ይሰስታሉ፤ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም።

ደርግ ሁለት ጊዜ አስሮ ፈታቸው። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15ን ጠቅሰው ምእመናኑን ትተው እንደማይሄዱ መለሱ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፣ አዲስ አበባ ዑራኤል ከሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ፣ ከባለቤታቸው ከጸሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። አፋኞቹ ጸሐይን ከተማው ዳር አውርደው ጥለዋቸው ሄዱ፤ ጉዲና ግን በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ጸሐይም በኋላ 10 ዓመት ያህል ታስረዋል። የጉዲና አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲሆን፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በክብር ተቀበረ።