የማይበርሩ አውሮፕላኖች

እ.ኤ.አ. በ1936 መገባደጃ፣ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ፣ በእንግሊዝ ሀገር የመጫወቻ መደብሮች አንድ አዲስ ዕቃ ለገበያ ቀረበ። በሳጥን ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ገዥው ቤቱ ወስዶ በሙጫ ሲያጋጥማቸው በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ አውሮፕላን ይወጣቸዋል። ሠሪው ኩባንያ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል በእውነት በሚበርሩ መጫወቻዎች ነበር። የንግድ ስሙ ፍሮግ ይባላል፤ በቋንቋቸው «ከመሬት ተነሥቶ በቀጥታ ይበርራል» ከሚለው ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ሲሆን፣ እንዳለ ሲነበብ ደግሞ «እንቁራሪት» ማለት ነው። አዲሱ ዕቃ ግን አይበርርም። እንግዲህ ምን ይባል? ፔንግዊን አሉት፤ ክንፍ እያላት በማትበርረው ወፍ ስም። በዚያ ቤት ስም ማውጣት የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ከፔንግዊኖቹ መጀመሪያ የወጡት ሦስት ናቸው፤ ብላክበርን ሻርክ፣ ሆከር ፊዩሪና ግሎስተር ግላዲያተር። ይህ ግላዲያተር የተባለው ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ተዋጊ፣ መጫወቻው ከወጣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ከጣሊያን አውሮፕላኖች ጋር ተዋግቷል። የዚያን ጊዜዎቹ ፔንግዊኖች ሴሉሎስ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ስለነበሩ ዕድሜ ሲጫናቸው ይጣመማሉ፤ ክንፋቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ይታጠፋል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ፖሊስታይሪን ነው ይህንን ሥራ የዕድሜ ባለጸጋ ያደረገው።

ፔንግዊኖቹ የተሠሩት ከእውነተኛው አውሮፕላን በ72 እጥፍ አንሰው ነው። ቁጥሩ በእኛ ጆሮ ሰባ ሁለቱን አርድእት ያስታውሳል፤ ምንጩ ግን የእንግሊዝ መለኪያ ነው። አንድ ጫማ 12 ኢንች ነውና፣ ስድስት ጫማ ወደ አንድ ኢንች ሲወርድ 72 እጥፍ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ቁመቱ ስድስት ጫማ የሆነ አብራሪ በዚህ ዓለም ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይቆማል። 11 ሜትር ከ23 የሆነው የስፒትፋየር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ልኩን የፈጠረው ፍሮግ አይደለም፤ ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀድመው ስካይበርድስ የተባሉ የእንጨት ሞዴሎች ይዘውት ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ ሀገር ያሉ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በዚህ ልክ ተስማሙ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጃፓን የተቀረጸውና ቼኮዝሎቫኪያ የተቀረጸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ትልቁ ትልቅ፣ ትንሹ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ልኩን ይበልጥ ያጸናው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ፣ ፐርል ሃርበር በተመታ ማግሥት፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለትምህርት ቤቶች አንድ እንግዳ ጥያቄ አቀረበ፤ 500,000 የአውሮፕላን ሞዴሎችን ከእንጨት ጠርባችሁ አስረክቡኝ አለ። ምክንያቱ ቀላልና አስፈሪ ነበር። መድፍ ተኳሹ ከሩቅ የሚመጣውን ጥላ አይቶ ወዳጅ ይሁን ጠላት በቅጽበት መለየት አለበት፤ ካልቻለ ወይ ይሞታል፣ ወይ ወገኑን ይገድላል። በ1/72 የተሠራ ሞዴል በ35 ጫማ ርቀት ሲሰቀል፣ ለዓይን ግማሽ ማይል ገደማ ላይ እንዳለ እውነተኛ አውሮፕላን ይታያል። ተማሪዎቹ ጠርበው፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሰው፣ ጥላውን ብቻ እንዲያሳይ ጥቁር ቀለም ቀብተው አስረከቡ፤ በሥራቸው ብዛትም የክብር ማዕረግ የተጻፈበት ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። እነዚያ ልጆች ሲቀርጹ የዋሉት የጀርመንና የጃፓን አውሮፕላኖችንም ጭምር ነው። ጠላትን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ይህን ያህል በሕግና በሥርዓት የተሰጠበት ሌላ የትምህርት ቤት ሥራ አላውቅም።

ከጦርነቱ በኋላ መድረኩን የያዘው ኤርፊክስ ነው። ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሀንጋሪ አይሁዳዊ ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ውስጥ አቋቋመው፤ በመጀመሪያ አየር የሚሞሉ የጎማ መጫወቻዎችን፣ ቀጥሎ ማበጠሪያ ያመርት ነበር። በ1952 የሰር ፍራንሲስ ድሬክን መርከብ፣ ጎልደን ሃይንድን፣ በትንሹ ቀርጾ በቀላል የፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ በሁለት ሽልንግ ዎልዎርዝ በተባሉት መደብሮች አስቸበቸበ። ሁለት ሽልንግ ልጅ ከኪስ ገንዘቡ የሚያጠራቅመው ነው። ነገሩ የባለጸጎች ጨዋታ ከመሆን የዳነው በዚህች ከረጢት ይመስለኛል።

ቀጥሎም የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ስፒትፋየር፣ መጣ። እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰው የሚስቅበት ነገር አለ። የኤርፊክስ ስፒትፋየር የተወሰደው ከእውነተኛው አውሮፕላን አልነበረም፤ አውሮራ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካወጣው ከፍ ያለ ሞዴል ተለክቶ፣ አንሶ የተገለበጠ ነው። አውሮራ የሳተውን ኤርፊክስም ሳተው። የብራና መጻሕፍትን የሚያመሳክሩ ሊቃውንት ይህንን በሽታ በደንብ ያውቁታል፤ አንዱ ጸሐፊ የዘለላት መስመር በልጁም በልጅ ልጁም ቅጂ ውስጥ ተዘልላ ትገኛለች፤ ስሕተቷም የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ የምትመሰክር ምልክት ትሆናለች። የሞዴል ሠሪዎች ጉባኤም የራሱን መርማሪዎች ወልዷል። የጃፓኑ ዜሮ ተዋጊ ቀለም ግራጫ ነበር ወይስ ወደ ቡናማና አረንጓዴ ያደላ? በዚህ ጥያቄ የተነሣ ሰዎች ከወደቁ አውሮፕላኖች የተገኘ ቁራጭ ቆርቆሮ ይዘው፣ ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን ምን ያህል እንደለወጠው እየተሟገቱ ዓመታት አሳልፈዋል። እንዲህ ያለውን ክርክር ከውጭ የሚያይ ሰው ዕብደት ይለዋል። ስለ አንዲት ፊደል አነባበብ ሲሟገት ያደረ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል? ክፍሎቹ እንደ ወይን ሐረግ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዘው ይመጣሉ፤ በስለት ተቆርጠው ጠባሳቸው ይፋቃል። ማጣበቂያው ተራ ሙጫ አይደለም፤ የሁለቱንም ክፍሎች ፊት በጥቂቱ ያቀልጥና እርሱ ራሱ ተንኖ ሲጠፋ ሁለቱ አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህም የተሳሳተ ነገር ያጋጠመ ሰው መለየት ይቸግረዋል። አፍንጫው ሥር ጎማ ያለው አውሮፕላን ከሆነ ከመዘጋቱ በፊት ሆዱ ውስጥ፣ ወደ ፊት ተጠግቶ፣ እርሳስ ወይም ሌላ ክብደት ይቀመጥለታል፤ አለዚያ በጅራቱ ይቀመጣል። ዓርማና ቁጥሩ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ ከወረቀቱ ላይ እየተንሸራተተ ይለጠፋል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሬዲዮ ሽቦው ነው። የተረፈውን ዘንግ ከሻማ ነበልባል በላይ ይዘው ያሞቁታል፤ ሲለሰልስ ሁለቱን ጫፎች ቀስ ብለው ይስቡታል፤ ፕላስቲኩ እንደ ፈትል ይቀጥናል፤ ከፀጉር የማይተናነስ ክር ይሆናል። ሊጣል የነበረው ቁራጭ የአውሮፕላኑ ስስ ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የክር ብልሃት በአንድ ሰው ስም አይጠራም። የአብራሪውን መስኮት በወለል ማጽጃ ሰም ነክሮ እንደ መስተዋት ማጥራትም እንዲሁ፤ አንዱ ለሌላው ነገረው፣ ሌላው ለመጽሔት ጻፈው፣ ከዚያ የሁሉም ሆነ። ለዚህ ነው ብቻውን በጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የሚሠራ ሰው ማኅበር የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1963 በብሪታንያ ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ በዓመቱ የአሜሪካው ቅርንጫፍ በዳላስ ተከተለ፤ ከዚያ በየሀገሩ ተባዛ። በውድድራቸው ላይ ዳኞቹ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዘው ጎንበስ እያሉ ሁለቱ የአካሉ ግማሾች የተጋጠሙበትን መስመር ይፈልጋሉ። መስመሩ ከታየ ነጥብ ይቀነሳል። የሰው ልጅ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደብቀው የራሱን እጅ አሻራ መሆኑ ይገርማል።

ይህንን ዓይነቱን ወዳጅነት በልብ ወለድ ያየው ኔቪል ሹት ነው። ሹት ደራሲ ከመባሉ በፊት የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ኤርስፒድ የተባለውን የአውሮፕላን ፋብሪካ ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1960 ከሞተ በኋላ የታተመው «ትረስቲ ፍሮም ዘ ቱልሩም» የተባለው መጽሐፉ ጀግና በምድር ቤቱ ተቀምጦ ጥቃቅን የሞተር ሞዴሎችን የሚሠራ፣ ስለ እነርሱም በመጽሔት የሚጽፍ ድኃ ሰው ነው። ድንገት ዓለምን አቋርጦ መጓዝ ግድ ሲሆንበት፣ ገንዘብ ባይኖረውም፣ በየደረሰበት ጽሑፉን ያነበበ አንድ ሰው ይገኛል። ሞዴሎቹ የብረት እንጂ የፕላስቲክ አይደሉም፤ አውሮፕላንም አይደሉም። ማኅበሩ ግን ያው ነው።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። እነዚህ ውብ ነገሮች የአብዛኞቹ መሳሪያዎች ሞዴል ናቸው። ከ1964 ጀምሮ ለኤርፊክስ የሳጥን ሥዕሎችን የሣለው ሮይ ክሮስ ሰማዩን በጭስና በእሳት ሲሞላው የብዙ ልጅ ልብ ተሰርቋል፤ እሳቱ የሚያቃጥለው ሰው ግን በሥዕሉ ውስጥ አይታይም። በጀርመን ሕግ የናዚ መስቀል በአደባባይ መታየቱ የተከለከለ በመሆኑ አምራቾች ከነአካቴው ይተዉታል፤ ወይም ለሁለት ከፍለው ያትሙትና መገጣጠሙን ለገዥው ሕሊና ይተዉለታል። ጅራቱን ባዶ የሚተወው «ታሪክ ዋሸ» ይባላል፤ የሚለጥፈው ደግሞ «ለምን በመደርደሪያህ አኖርከው» ይባላል።

የእኛ ሀገር ሰው ይህን ጥያቄ በሩቁ አይሰማውም። ሱፐርሞዴል የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሳቮያ ማርኬቲ 81ን በ1/72 አውጥቶታል፤ ባለ ሦስት ሞተር፣ ክንፉ በሞዴል 33 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚዘረጋ ቦምብ ጣይ ነው። ይህ አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ከዘመቱት አንዱ ነው፤ በዚያ ጦርነት የጣሊያን አየር ኃይል ከቦምቡ ሌላ የመርዝ ጋዝ በሰውና በከብት ላይ እንዳዘነበ የታወቀ ነው። ሠርቶ መደርደሪያ ላይ ማኖር ይገባል? በእኔ አስተያየት ይገባል፤ እነዚያ አሜሪካውያን ተማሪዎች የጠላትን ጥላ እንደቀረጹት ሁሉ። ነገር ግን ከአጠገቡ ሌላ አውሮፕላን ቢቆም እወድዳለሁ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአቃቂ የገጣጠማትና በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» በዚያው በ1928 ዓ.ም. በርራለች። ወራሪው ማረካት፤ በሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ዘመናት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ዳኮታም አለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረው ከዓለም ጦርነት በተረፉ አምስት የወታደር ዳኮታዎች ነውና። ዳኮታ ከሳጥን ተገዝቶ ይገጣጠማል፤ በ1/72 ክንፉ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ፀሐይን ግን የሚሻ ሰው ፎቶግራፍ እየለካ እንደ ድሮው ከእንጨት ይጥረባት።

የፍሮግ መጨረሻ ከአጀማመሩ ይልቅ ልብ ወለድ ይመስላል። ባለቤቶቹ በ1971 ከሠሩ፤ የገዛውም ኩባንያ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፍሮግን የብረት ፎርማዎች ለሶቪየት ሕብረት ሰጠ፤ ክፍያው በዚያው ፎርማ በሚመረቱ ሞዴሎች ነው። አንድ ፎርማ ከደነደነ ብረት በእጅ ተቀርጾ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ የፋብሪካው ሀብት ማለት እርሱ ነው። ሶቪየቶቹ ግን የጀርመንንና የጃፓንን አውሮፕላኖች አንፈልግም አሉ፤ ሃያ ሚሊዮን ሰው የቀበረ ሕዝብ ለልጆቹ የናዚን ተዋጊ አልቀርጽም ቢል ማን ይፈርድበታል? እነዚያን ፎርማዎች ሬቬል ወሰዳቸው። በአንድ ካታሎግ አብረው የኖሩ ወዳጅና ጠላት እንዲህ ተለያዩ። የቀሩት ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ ከእነርሱም መካከል ግሎስተር ጃቬሊን ነበረበት፤ እንግሊዝ የሶቪየት ቦምብ ጣዮችን በሌሊት ይመታልኛል ብላ የሠራችው ተዋጊ!

ሞዴሎቹ መጀመሪያ ኖቮ በሚል ስም ወደ ምዕራብ ይላኩ ነበር። በ1980 የእንግሊዙ አጋር ሲከስር በሶቪየት መደብሮች ለሀገሬው ልጅ ይሸጡ ጀመር። ዶኔትስክ በነበረው የአሻንጉሊት ፋብሪካና በሌሎችም እየታተሙ፣ ብዙ ጊዜ በሳጥኑ ላይ የአውሮፕላኑ ስም ሳይጻፍ፣ «ዓይነት ስምንት» እንደማለት ያለ ቁጥር ብቻ ይዘው ወጡ። ልጆቹ በእጃቸው ያለው ባራኩዳ ይሁን አታከር ሳያውቁ አጣበቁት፤ የጓጓውም ስሙን ፍለጋ መጻሕፍት አገላበጠ። ሕብረቱ በ1991 ሲፈርስ ፎርማዎቹ በየሪፐብሊኩ ተበታተኑ። ያረጀ ፎርማ አፉ በቅጡ አይገጥምም፤ ፕላስቲኩ በስንጥቁ ሾልኮ በየክፍሉ ዳር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ትርፍ ይተዋል። ከእነዚያ አሮጌ ሳጥኖች አንዱን ዛሬ የሚከፍት ሰው፣ ሙጫውን ከመንካቱ በፊት፣ ያንን ትርፍ በስለት ጫፍ አንድ በአንድ ሲላጭ ያመሻል።