የፍሳሽ ማጣሪያ አረፋ

የፍሳሽ ማጣሪያ አረፋ ቆሻሻ ውሃ በባክቴሪያ በሚጣራበት ጣቢያ፣ አየር በሚነፋባቸው ገንዳዎች ላይ የሚከማች አረፋ ነው። ለማጣሪያው ሥራ የግድ የሚያስፈልገው አየር ለአረፋውም መነሻ ስለሚሆን፣ ችግሩን አየሩን በመቀነስ ብቻ ማስወገድ አይቻልም።

አየር የማስገባት ዘዴ

ቆሻሻ ውሃን አየር እየነፉ በባክቴሪያ ዝቃጭ የማጣራት ዘዴ በ1914 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ከተማ በኤድዋርድ አርደርን እና በዊሊያም ሎኬት ይፋ ተደረገ። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ለመመገብ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል፤ በገንዳው ውስጥ በአብዛኛው በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊግራም ያህል የሟሟ ኦክስጅን እንዲኖር ይደረጋል። አየሩ ከገንዳው ወለል በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይነፋል፤ ወይም የውሃው ገጽ በሞተር ይናጣል። በብዙ ጣቢያዎች ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ለዚህ ሥራ ይውላል።

የአረፋ ዓይነቶች

ነጭና ቀላል አረፋ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጣቢያው ሥራ ሲጀምርና ባክቴሪያው ገና ሳይበዛ፣ ወይም ብዙ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ሲገባ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ባክቴሪያ በቀላሉ የማይበትናቸው ሰው ሠራሽ ሳሙናዎች ገንዳዎችንና ወንዞችን በአረፋ ሸፍነው ነበር። በ1960ዎቹ በአሜሪካና በጀርመን በቀላሉ በሚበሰብሱ ሳሙናዎች ተተኩ።

ቡናማና ወፍራም አረፋ የሚመጣው እንደ ጎርዶኒያ እና ማይክሮትሪክስ ፓርቪሴላ ካሉ ክር መሰል ባክቴሪያዎች ነው። የጎርዶኒያ ሕዋስ ግድግዳ ሚኮሊክ አሲድ የተባለ ውሃ የማይወድ ቅባት ስላለው፣ ባክቴሪያው በአየር ተጣብቆ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቅባት የበዛበት ፍሳሽና በገንዳው ረጅም ጊዜ የቆየ ዝቃጭ ያበረታቱታል።

ጉዳቱና መከላከያው

ቡናማ አረፋ ከገንዳው ፈስሶ መረማመጃውን ያንሸራትታል፤ ዝቃጩን ይዞ ወደ ተጣራው ውሃ ሊገባም ይችላል። ነጩን አረፋ ውሃ በመርጨት ማጥፋት ሲቻል፣ ቡናማው ግን በዚህ ብቻ አይጠፋም። ከገጹ ተጠርጎ መወገድ አለበት፤ ወደ ገንዳው ከተመለሰ ባክቴሪያውን እንደገና ይዘራዋል።

ዋናው መፍትሔ ዝቃጩ በገንዳው የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። ይሁን እንጂ አሞኒያን የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው፣ ጊዜው ከመጠን በላይ ካጠረ እነርሱም ታጥበው ይሄዳሉ፤ አሞኒያውም ሳይጣራ ወደ ወንዝ ይወርዳል።