ከሚሲሲፒ እስከ ዝቋላ

በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን ወጣቶች ለማስተማር ኢትዮጵያ ገቡ። ሰዉ «ፒስ ኮር» ይላቸው ነበር። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው የመጡት እነዚህ ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ኋላ ሴናተር የሆኑት ፖል ሶንጋስ ወሊሶ ደረሳቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለነበር ኮምፖዚሽን የከበደው ተማሪ ታሪክና ጂኦግራፊም ይከብደው ነበር።

የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍና እኛ የተገናኘንበትን ሳስብ ግን ልቤ የሚሄደው ከእነዚህ መምህራን ይልቅ ወደ ይፋት ነው። ቀድሞ ኤፌሶን ከተባለችው አጣዬ ተነስተው፣ ሸዋ ሮቢትንና አርማንያን አልፈው ዳገቱን ሲወጡ ደብረ ሲና ይደርሳሉ። ደራሲው ዳኛቸው ወርቁ የተወለደው እዚያ ነው። አሜሪካ ተሻግሮ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ አሳተመ፤ በእንግሊዝኛ የጻፈውን «ዘ ተርቲንዝ ሰን» ደግሞ ሃይነማን በ1973 እ.ኤ.አ. አወጣለት።

ይህን የእንግሊዝኛ መጽሐፉን አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር በ1930 እ.ኤ.አ. ካሳተመው «አዝ አይ ሌይ ዳይንግ» ጎን አስቀምጦ ማንበብ ትልቅ ትምህርት ነው። በፎክነር ልብ ወለድ አንድ የሚሲሲፒ ድሀ ገበሬ ከልጆቹ ጋር የሚስቱን አስከሬን በጋሪ ጭኖ ወደ ወገኖቿ መቃብር ይጓዛል። ታሪኩን 15 ሰዎች እየተቀባበሉ ይተርኩታል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ብሶትና ምስጢር ይዞ። በዳኛቸው መጽሐፍ ጎይቶምና እህቱ ወይኒቱ በጽኑ የታመሙትን አባታቸውን፣ ፊታውራሪ ወልዱን፣ ይዘው ፈውስ ፍለጋ ዝቋላ አቦ ይወጣሉ። ዳኛቸው ከፎክነር ቀዳ ማለቴ አይደለም። የፊታውራሪው ትዕቢት፣ የልጁ ቂም፣ የባላገሩ ችግር፣ የተሳላሚው ግፊያ ሁሉ የራሳችን ነው። ሁለቱ ደራሲዎች የሚመሳሰሉት መንገዱን የቤተሰብ ገመና መግለጫ ባደረጉበት ጥበብ ነው፤ በኔ ግምት ለወጣት ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ የድርሰት ትምህርት የለም።

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የአጣዬ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አጭር ምንባብና ከሥሩ የተደረደረ ጥያቄ ነው። ሙሉ መጽሐፍ ይገባዋል፤ ያውም የጎረቤቱ ልጅ የጻፈው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥቃት ብዙ ክፍሏ ተቃጥሏል፤ ልጆቿ የሚጽፉት አያጡም። መምህሩ የሁለቱን መጻሕፍት የመጀመሪያ ምዕራፎች ካስነበበ በኋላ እንዲህ ያለ ኮምፖዚሽን ሊሰጥ ይችላል፦ አንድ ቤተሰብ በሽተኛ ይዞ ከአጣዬ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይወጣል፤ ጉዞውን መጀመሪያ እናትየዋ፣ ቀጥሎ ሾፌሩ፣ በመጨረሻ በሽተኛው ራሱ ይተርኩት።