ዳኛ ሳያየው የተዘጋ በር

የዳላስ ሐበሻ ቪከሪ ሜዶን ያውቀዋል። ከሴንትራል ኤክስፕረስዌይ በስተምሥራቅ፣ በፓርክ ሌንና በግሪንቪል አቬኑ አካባቢ፣ አፓርታማ ከአፓርታማ የተጠጋጋበት ሰፈር ነው። ቤቶቹ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሲሠሩ የታሰቡት ላላገቡ ወጣት ደመወዝተኞች ነበር። ኪራዩ ሲረክስ ግን የስደተኛ አስፋሪ ድርጅቶች አዲስ መጤውን እዚያ ያሳርፉ ጀመር። ኢትዮጵያዊውም፣ ኤርትራዊውም፣ በርማዊውም፣ ሶማሌውም የአሜሪካን ኑሮ አንድ ብሎ የጀመረው እዚያ ነው።

በ2014 ይህ ሰፈር የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩ ቀን በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ሴፕቴምበር 20 ቀን ቶማስ ኤሪክ ዱንካን የተባለ ላይቤሪያዊ እጮኛውን ሉዊዝ ትሮህን ብሎ ዳላስ ገባ፤ ያረፈውም ቪከሪ ሜዶ፣ አይቪ በሚባለው አፓርታማ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ትኩሳት ይዞት ቴክሳስ ሄልዝ ፕረስቢቴሪያን ሆስፒታል ቢሄድ መድኃኒት ሰጥተው መለሱት። ሴፕቴምበር 28 በአምቡላንስ ተመልሶ ገባ፤ በ30 ኢቦላ መሆኑ ተነገረ፤ ኦክቶበር 8 ቀን አረፈ። በሕክምናው ላይ ብዙ ተጽፏል። በሕጉ ላይ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ እኔም የማነሳው እሱን ነው።

ኦክቶበር 1 ቀን ማታ ለሉዊዝ ትሮህ፣ ለ13 ዓመት ልጇና አብረዋት ለነበሩ ሁለት ወጣቶች አንድ ወረቀት ደረሳቸው። እስከ ኦክቶበር 19 ድረስ ከቤት አትውጡ፣ ያለ ጤና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሰው አታስገቡ ይላል። እንዲቀመጡ ቀደም ሲል በቃል ተነግሯቸው ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ግን ቃሉ አልተከበረም ብለው ወደ ትእዛዝ ተሻገሩ። ትእዛዙን ያወጡት የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤትና የዳላስ ካውንቲ ናቸው። የካውንቲው መሪ ክሌይ ጄንኪንስ «ካውንቲ ጃጅ» ይባሉ እንጂ ሥራቸው አስተዳደር ነው፤ ችሎት ተቀምጠው የሰዎቹን ቃል አልሰሙም። ደጁ ላይ ፖሊስ ቆመ።

አራቱ ሰዎች ወንጀል አልሠሩም፣ ክስም አልቀረበባቸውም፣ ከዳኛ ፊትም አልቆሙም። ይባስ ብሎ ዱንካን የታመመበት አንሶላና ፍራሽ እዚያው ቤት ውስጥ ከእነሱ ጋር ነበር። የጽዳት ድርጅት ቢገኝም እንዲህ ያለውን ቆሻሻ በአውራ ጎዳና ለማጓጓዝ የሚያስፈልገው ፈቃድ እስኪወጣ ቀናት አለፉ። ቤቱ መጽዳት የጀመረው ኦክቶበር 3 ነው። በዚያው ቀን ጄንኪንስ ያለ መከላከያ ልብስ መጥተው፣ አራቱንም በራሳቸው መኪና ጭነው፣ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ወደ ሰጠው ማረፊያ ወሰዷቸው። የሰውየውን ድፍረትና ደግነት አልክድም። ነገር ግን የታሳሪ ዕጣ በአሳሪው ደግነት ላይ ከተንጠለጠለ ሕግ ገና አልገባበትም ማለት ነው።

ለይቶ ማቆየቱ ራሱ ስሕተት ነበር አልልም። የኢቦላ መጠበቂያ ጊዜ 21 ቀን ነው፤ ከበሽተኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሰነበተ ሰው መታየት አለበት። የጎደለው ሰሚ ነው። እነዚያ ሰዎች ጠበቃ ይዘው ለአሥር ደቂቃ እንኳ ዳኛ ፊት ቀርበው ቢሆን፣ «በሽተኛው የተኛበት ፍራሽ የት ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም ነበር። መልሱም ትእዛዙን በዚያው ቀን ያስለውጠው ነበር። ሰውን በሥርዓት የመስማት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አሳሪው ያላየውን ወይም ማየት ያልፈለገውን ነገር ያወጣል።

በዚያው ወር ሌሎች ሰዎች እንዴት እንደተያዙ ማየት ይበቃል። ዱንካንን ካከሙት ነርሶች ሁለቱ በበሽታው ተያዙ (ሁለቱም ድነዋል)። ከዚያ በኋላ ለ75 ያህል የሆስፒታል ሠራተኞች ሕዝብ ከሚበዛበት እንዳይሄዱ፣ በአውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የሚል ሰነድ ቀርቦ እንዲፈርሙ ተደረገ። ካልተከበረ ትእዛዝ ሊከተል እንደሚችል ተነገራቸው፤ ደጃቸው ላይ ግን ፖሊስ አልቆመም። ኦክቶበር 24 ቀን ደግሞ ከሴራሊዮን የተመለሰችው ነርስ ኬሲ ሂኮክስ በኒውጀርሲ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዛ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች። እሷ ጠበቃ ያዘች፤ የደረሰባትንም ጽፋ በዳላስ ሞርኒንግ ኒውስ አወጣች። ወደ ቤቷ ወደ ሜይን ከተወሰደች በኋላም እገዳው ተከተላት፤ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 31፣ የሜይን ክፍለ ግዛት ዳኛ ቻርልስ ላቨርዲየር ቃሏን ሰምተው እገዳውን አብዛኛውን አነሱላት። ሙያ፣ ቋንቋና ስልክ የሚያነሳላት ጠበቃ ያላት በሰባት ቀን ዳኛ አየች። የቪከሪ ሜዶዎቹ ግን የትእዛዙን ቀን ቆጥረው ጨርሰው ወጡ፤ አንዳቸውም አልታመሙም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ስንሰማ ብዙ አንደነግጥም። ተይዞ መቀመጥን ከነስሙ እናውቀዋለን። በድሮው ሥርዓት አንድ ሰፈር ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋበት አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አንዳንድ አገር አፈርሳታ ይባላል። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱ፣ ወደ እርሻው አይመለስም። ንጹሑ ከጥፋተኛው ጋር ይታሰራል፤ ግን ሁሉም ባንድ ላይ ስለሚጉላላ ነገሩ ቶሎ እንዲቋጭ ሁሉም ይፈልጋል።

ከዚያ ይልቅ የሚደንቀኝ ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ከባድ ነገር ከሆነም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ዳኛ እስኪያያቸው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ጉድለቱን አላጣሁትም፤ ብዙ ግፍ ተሠርቶበታል። ነገር ግን አንድ ብልሃት ነበረው። ያሰረው ሰው ራሱም ታስሯል። ስለዚህ ዳኛ ፍለጋ የሚሮጠው ተከሳሹ ብቻ አልነበረም። ዛሬ የትም አገር ያለ መርማሪ «ተጨማሪ 14 ቀን ይሰጠኝ» ብሎ ሲጠይቅ ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል።

ይህ የተራው ሰው ሥርዓት ነው። የቤተ መንግሥቱ ሌላ ነበር። ነገሥታቱ ዘውድ ሊመኝ ይችላል ያሉትን ዘመዳቸውን መጀመሪያ በአምባ ግሸን፣ ኋላም በአምባ ወህኒ ያስቀምጡ ነበር፤ ጥፋቱ መወለዱ ነው። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ከተያዙ ጀምሮ በፍቼ፣ አምልጠው ከተያዙ በኋላም በጋራ ሙለታ፣ በ1928 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አንድም መደበኛ ችሎት ሳያያቸው ኖረዋል።

የተጻፈው ሕግ መጥፎ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ አለ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህንኑ በአንቀጽ 29 አጸና፤ በአንቀጽ 59 ግን የጊዜ ቀጠሮን አመጣ። ቀጠሮው በ14 ቀን ቢወሰንም ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ አልተገደበም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያለ ሕግ የተያዘን ሰው አካሉን ነጻ ለማውጣት አቤት የሚባልበትን መንገድ ደነገገ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሕጉ ከወጣ አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከነሱ መካከል ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅና ሌሎች የቤተሰቡ ሴቶች ክስ ሳይነበብላቸው እስከ 1980 ዓ.ም. ታስረው ቆዩ። ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው እስር ቤት ፈርሶ ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ቆሟል።

1987 ዓ.ም. ላይ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንደገና 48 ሰዓቱን ጻፈ። ይህ ቃል በፖለቲካ ሙቀት ምን ያህል እንደሚቀልጥ ለማየት አንድ ጉዳይ ይበቃኛል። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ ብለው አዘዙ። ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ እዚያው ተመልሰው ተያዙ። ፓርላማው ደግሞ በቀናት ውስጥ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው። ዳኛዋም በበኩላቸው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሳሪነትን ወንበር አዩት። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ የሚለውን ተረት ያወረሰን እንዲህ ያለ ልምድ ነው።

አስቸኳይ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ አንቀጹ ራሱ ይተኛል። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ አንቀጽ 19 የለም። በ2009፣ በ2010፣ በ2014 እና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጁት አዋጆች ሁሉ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማሰር ፈቅደዋል። በመጨረሻው አዋጅ ከተያዙት መካከል የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለና የአማራ ክልል ምክር ቤት አባሉ ዮሐንስ ቧያለው ይገኙበታል፤ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ለወራት ያለ ክስ ተይዘዋል። አዋጁ ካበቃም በኋላ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ ተይዘው በዳንግላ፣ በሰራባ፣ በኮምቦልቻና በሸዋ ሮቢት መያዛቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። አዋጅ በሌለበት ጊዜ ይህ ሲደረግ ጥሰቱ የአንቀጽ 19 ብቻ አይደለም፤ አዋጁ ያስፈለገበት ምክንያት ራሱ ሐሰት ነበር ያሰኛል።

አሜሪካ ይህን በር ጠበብ አድርጋ ነው የሠራችው። በሕገ መንግሥቷ፣ ታሳሪ ዳኛ ፊት ቀርቦ «ለምን ያዛችሁኝ» የሚልበት መብት የሚታገደው በአመፅ ወይም በወረራ ጊዜ የሕዝብ ደኅንነት ሲያስገድድ ብቻ ነው። ቢሆንም የእኛው አገር ልጅ ብንያም መሐመድ በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተይዞ፣ በሞሮኮ አልፎ፣ ጓንታናሞ ገብቶ፣ በፌብሩዋሪ 2009 ሲለቀቅ አንድም ፍርድ አልተሰጠበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጓንታናሞ ታሳሪዎች ይህ መብት አላቸው ብሎ የወሰነው በጁን 2008 ነው፤ ብንያም ከተያዘ ስድስት ዓመት አልፎ።

አሁን ደግሞ ወደ ደጃችን ቀርቧል። በኤፕሪል 2025 ከዳላስ በስተምዕራብ፣ አንሰን ከተማ አጠገብ ባለው ብሉቦኔት እስር ቤት የነበሩ ቬኔዝዌላውያን በ1798 በወጣ የጠላት አገር ዜጎች ሕግ ወደ ኤልሳልቫዶር ሊላኩ ሲዘጋጁ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 19 ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አስቆመው። ሜይ 16 ላይ ደግሞ የ24 ሰዓት ማስጠንቀቂያ መብትን ለማስከበር አይበቃም አለ።

ለሐበሻው ይበልጥ የሚመለከተው ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2025 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ፣ ያለ ፍተሻ ድንበር የተሻገረ ሰው አገር ውስጥ ዓመታት ቢኖርም የኢሚግሬሽን ዳኛ በዋስ ሊለቀው ሥልጣን የለውም ሲል ወሰነ። ከብራዚል ተነስቶ በዳሪየን ጫካና በሜክሲኮ የመጣው ወገናችን በቀጥታ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። በመላ አገሪቱ ያሉ ብዙ የፌዴራል ዳኞች አልተቀበሉትም፤ በቴክሳስ ላይ ሥልጣን ያለው 5ኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2026 መጀመሪያ ለመንግሥት ወሰነ። የ1993ቱን የአዲስ አበባ ነገር የሚያስታውስ ሰው ዘዴው አይጠፋውም። ዳኛው «ልቀቅ» እንዳይል ዳኛውን ማባረር አያስፈልግም፤ ጥያቄው ከፊቱ እንዳይደርስ ማድረግ ይበቃል።

ስለዚህ ቪከሪ ሜዶ ላለህ፣ ላለሽ ወገኔ ሦስት ነገር ልበል። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ቁጥራችሁንና የጠበቃችሁን ስልክ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ዘመድ አስቀምጡ፤ በኢሚግሬሽን ችሎት መንግሥት ጠበቃ አይመድብላችሁምና። ሰው ሲያዝ የት እንደገባ በዚያው ቀን አጣሩ። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚቀርበው ታሳሪው ባለበት ወረዳ ለሚያስችል የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ አልቫራዶ ባለው ፕሬሪላንድ ለተያዘ ሰው ዳላስ መሀል ከተማ፣ ኮሜርስ ስትሪት ላይ ነው። አቤቱታው ከገባ በኋላ ታሳሪው ቢዘዋወር እንኳ ፍርድ ቤቱ ሥልጣኑን እንደማያጣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 ሚትሱዬ ኤንዶ በተባለች የጃፓን ዝርያ ባላት አሜሪካዊት ጉዳይ ወስኗል። ስለዚህ ሰውየው ሳይዘዋወር ቀድማችሁ አስገቡ። የመዝገብ መክፈቻው 5 ዶላር ነው።