የመጀመሪያው ስብከት
ቡድሃ ሲያስተምር፤ የአሸዋ ድንጋይ፤ ሳርናት፣ ሰሜን ሕንድ፤ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን

ቡድሃ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ዓይኖቹ ወደ ታች አዘንብለዋል፣ እጆቹም ደረቱ ላይ ተገናኝተዋል። የጣቶቹ አያያዝ የትምህርቱን መንኮራኩር ማሽከርከርን ያመለክታል። መንኮራኩሩ ራሱ ከመቀመጫው ሥር ተቀርጿል፤ አጠገቡ አጋዘኖች አሉ፤ ስብከቱ የተሰጠው በሳርናት የአጋዘን ደን ነውና። ተንበርክከው የሚያዳምጡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቀ መዛሙርት ናቸው። ልጅ ይዛ የምትታየው ሴት ግን ሐውልቱን ያሠራችው ሳትሆን አትቀርም።

እነዚህ አምስት መናንያን፣ ኋላ ቡድሃ ከተባለው ከሲዳርታ ጋውታማ ጋር በከባድ ጾም ኖረው፣ እሱ ጾሙን ሲተው ትተውት የሄዱ ናቸው። ስለዚህ ስብከቱ የሚጀምረው ድሎትም ሆነ ሥጋን ማሠቃየት ነፃ እንደማያወጣ በመግለጽ ነው። የትምህርቱ እምብርት ከዚያ ይከተላል። ኑሮ ከልደት እስከ ሞት ሥቃይና አለመርካት አይለየውም፤ ምንጩም ምኞት፣ ማለትም አላፊውን ነገር ሙጭጭ አድርጎ መያዝ ነው፤ ምኞቱ ሲከስም ሥቃዩም ያበቃል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ስምንት ክፍል አለው፤ ከቀና አመለካከት ተነሥቶ በንግግር፣ በምግባርና በመተዳደሪያ በኩል እስከ ጥልቅ ተመስጦ ይዘልቃል። ቡድሃ በዚህ ትምህርት መንገድ አሳይ እንጂ ፈጣሪ አምላክ አይደለም። የመንገዱ ፍጻሜ ኒርቫና ይባላል፤ ስስት፣ ጥላቻና ድንቁርና የሚጠፉበት፣ ዳግም የመወለድ ዑደትም የሚቋረጥበት ነው።