ዛፍ ሕይወት አለው? ልጆችን የምንጠይቅበት ጥያቄ ታሪክ

የአምስት ዓመት ልጅ «ዛፍ ሕይወት አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለውም» ሊል ይችላል። ስለ ፀሐይ ሲጠየቅ ደግሞ «አላት» ሊል ይችላል። እንዲህ ያሉ መልሶችን አሰባስቦ ዝነኛ ያደረጋቸው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነው። የሚገርመው፣ ሰውዬው ሥራውን የጀመረው በልጆች አልነበረም፤ በ1918 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክትሬቱን የሠራው በቀንድ አውጣና በመሰሎቹ ላይ ነው።

ፒያዤ በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ ልጆችን ስለ ነፋስ፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ብስክሌት ሳይቀር ጠየቀና መልሶቻቸውን በደረጃ ከፋፈለ። ለትንንሾቹ የሚሠራና የሚጠቅም ነገር ሁሉ ሕያው ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሕያው ይሆናል፤ ቀጥሎ በራሱ የሚንቀሳቀስ ብቻ። እንስሳትንና ዕፅዋትን ብቻ የመለየቱ ነገር የሚመጣው 11 ዓመት አካባቢ ነው። በዚህ ሚዛን ዛፍ ምን ዕድል አለው? ቆሞ ይውላል፣ ቆሞ ያድራል።

በ1985 አሜሪካዊቷ ሱዛን ኬሪ ክርክሩን በሌላ መንገድ አመጣችው። ልጆች እስከ አሥር ዓመት ገደማ ሕያዋንን የሚረዱት ከሰው ጋር እያነጻጸሩ ነው፣ ራሱን የቻለ የሥነ ሕይወት እውቀት ገና የላቸውም አለች። አሁንም ዛፍ ተሸናፊ ነው፤ ከሰው ጋር የሚያመሳስለው ነገር በዓይን አይታይማ!

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ ንባቡ ግራ ሲያጋባ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው። እዚህም መለኪያውን የጠረጠሩ ነበሩ። በ1989 ስታቪና ዋክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የእስራኤል ልጆችን ጠይቀው ብዙዎቹ ዕፅዋትን ሕያው እንደማይሉ አዩ። በዕብራይስጥ እንስሳ «ባዓል ሐዪም» ይባላል፤ ቃል በቃል «የሕይወት ባለቤት» ማለት ነው (ሥሩ ከእኛው «ሕይወት» ጋር አንድ ነው)። የተክል ስም ግን ከማደግ ጋር እንጂ ከሕይወት ጋር አይገናኝም። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣ የጃፓን፣ የእስራኤልና የአሜሪካ ልጆች ንጽጽርም ዕፅዋት ሕያው አይደሉም የማለቱ ነገር በእስራኤል ልጆች ላይ እንደሚበረታ አሳየ። እንግዲህ የተለካው ስለ ዛፍ ያላቸው እውቀት ብቻ ሳይሆን «ሕያው» የሚለው ቃል ጭምር ነው።

ቃሉን ትተን ሌላ ብንጠይቅስ? በዚያው በ1993 አሜሪካ ውስጥ የአራት ዓመት ልጆች ጉዳት ስለደረሰባቸው እንስሳት፣ ተክሎችና ዕቃዎች ተጠየቁ። እንስሳውና ተክሉ በራሳቸው መልሰው እንደሚያገግሙ፣ ዕቃውን ግን ሰው መጠገን እንዳለበት ለዩ። በ1996 ጃፓናውያኑ ካዮኮ ኢናጋኪና ጊዮ ሃታኖ አብዛኞቹ የአምስት ዓመት ልጆች ተክልም እንስሳም እንደሚያድጉና ምግብ ወይም ውኃ እንደሚፈልጉ መረዳታቸውን አሳዩ። በእኔ እምነት ትልቁ ግኝት ይህ ነው። አስተማሪው «ልጁ ባዶ ነው» ብሎ ከተነሣ፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን እውቀት ዘሎት ያልፋል።

አዋቂዎችም ቢሆኑ አልዳኑም። በ2009 በወጣ አንድ ጥናት የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰሮች በጥድፊያ «ሕያው ነው ወይስ አይደለም?» እንዲሉ ሲጠየቁ፣ ለተክል ከእንስሳ ይልቅ ዘግይተው መለሱ።

ወደ አማርኛ እንምጣ። በግ ሲሞት «ሞተ» እንላለን። ዛፍ ሲሞት ግን ብዙውን ጊዜ «ደረቀ» ነው የምንለው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስም «ደረቀ» ይባላል። በሌላ በኩል ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ ይህን ቃል ለልብስ ማንም አይለውም። ትንሽ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ሁለቱን ጥያቄዎች በተለያየ ቀን ሞክሩባቸው፦ አንድ ቀን «ዛፍ ሕይወት አለው?»፣ ሌላ ቀን «ቅርንጫፉ ቢሰበር ሌላ ያወጣል ወይስ ሰው ይጠግነዋል?» መልሱን ከነምክንያቱ፣ ልጁ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉት።