ካርቲየ 5፦ በቁጥር የተጠራ ሰፈር

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ሐበሻ የት እንደሚኖር ሲጠየቅ «ካርቲየ ሳንክ» ብሎ ይመልሳል፤ «አምስተኛው ሰፈር» ሲል የሰማሁት የለም። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ፍቺውም ከ«ሰፈር» የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ የልደት ወረቀት ወይም የኪራይ ውል ወደ አማርኛ ሊመልስ የተቀመጠ ሰው እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ብዕሩ መቆሙ አይቀርም። «ሰፈር» ብሎ እንዳይጽፍ፣ ሰፈር በእኛ ዘንድ ሹም ከነሠራዊቱ ድንኳን የተከለበት፣ ኋላም በሹሙ ስም የጸና ቦታ ነው፤ ከአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ የተወለዱት እንዲህ ነው። ካርቲየ 5ን ያሰፈረ ራስም ደጃዝማችም የለም። «ቀበሌ» እንዳይል፣ ቁጥሩ ቢስማማም ቀበሌ በ1975 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የወለደው የደርግ ዘመን ልጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚሻለው ቃሉን እንዳለ መተው ነው። «ላ ጋር» ለገሃር ሆኖ፣ የኢጣልያኖች የቤት ድርጅት ምኅጻረ ቃልም ካዛንቺስ ሆኖ ከአማርኛ ጋር ተዋሕዶ የለምን?

ቁጥሩ ግን ከየት መጣ? ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተነሥተው በባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ዳርቻ ጅቡቲን መቆርቆር የጀመሩት በ1888 ነበር። ወደቡ ከኦቦክ የተሻለ፣ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ የሚወስደው የቅፍለት መንገድም የቀረበ ነበርና በ1890ዎቹ አስተዳደሩ ጭምር ጠቅልሎ ወደዚህ ተዛወረ። ከተማዋ የተሠራችው በዛጎል ድንጋይ በተገነቡ ከፍ ያሉ ሜዳዎች ላይ ነው፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፕላቶ ዱ ማራቡ እና ፕላቶ ደ ጅቡቲ ይሏቸዋል። አስተዳዳሪው፣ ነጋዴውና የጦር መኮንኑ ነፋሻውን ከፍታ ያዙ። ከደቡብ በኩል ያለው ዝቅተኛ መሬት ደግሞ ለኩሊው፣ ለግመል ነጂው፣ ለዓሣ አጥማጁና ለባቡር ሠራተኛው ቀረ። ይህኛው ወገን «መጋላ» ይባል ነበር፤ በሶማልኛ ከተማ ማለት ነው።

ድሬዳዋ የኖረ አንባቢ ይህን ሥዕል ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለኢልግና ለሸፍኖ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ሐዲዱ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ኩባንያው በዚያም በኩል ሁለት ከተማ ፈጠረ። በደቻቱ አንደኛው ዳር ጎዳናዎቹ በመሐንዲስ የተሠመሩ ከዚራ፣ በሌላው ዳር መጋላ። የሐዲዱ ሁለት ጫፎች እንደ መንታ ወንድማማች ይመስላሉ። ልዩነታቸው የጅቡቲው መጋላ በኋላ ከ1 እስከ 7 መቆጠሩ ነው። ጎዳናዎቹ ሳይቀሩ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ከእነርሱ መካከል ስሙ የገነነው አቬኑ 13 ነው።

ቤቶቹስ? በሳንቃና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀቡ፣ ግቢያቸው ጠባብ የሆኑ። ይህ የነዋሪው ምርጫ ብቻ አልነበረም። የቅኝ ገዢው ደንብ ለዝቅተኛው ከተማ ነዋሪ የሚሰጠው ርስት ሳይሆን «ቲትር ዶኩፓሲዮን ፕሮቪዝዋር» ነበር፤ ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ማለት ነው። በጊዜያዊ ፈቃድ በተያዘ መሬት ላይ የሚቆመው ቤትም ጊዜያዊ እንዲሆን ተፈለገ፤ ድንጋዩና ኖራው ለላይኛው ከተማ፣ ሳንቃው ለታችኛው። አያት በጊዜያዊ ፈቃድ የገባበት ቤት ልጁንና የልጅ ልጁን አሳድጓል። ዛሬ ከብዙዎቹ ሳንቃ ቤቶች ጎን ብሎኬት ቆሟል፤ ሁለቱም በአንድ ግቢ ሲኖሩ ማየት የተለመደ ነው። «ፕሮቪዝዋር» የሚለውን ቃል «ጊዜያዊ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ትርጉሙ ትክክል ቢሆንም ነገሩ ሐሰት እየመሰለኝ ይከነክነኛል።

ከዚያ ቁጥብነት ግን ማንም ያላሰበው በረከት ወጣ። ቦታው ጠባብ ስለ ነበር ሁሉ ነገር ቀረበ። ከካርቲየ 5 የተነሣ እግረኛ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ቢሄድ ገበያው መካከል ይደርሳል። «ሌ ኬስ» ይሉታል፤ ሳጥኖቹ ማለት ነው። ከጎኑ የየመኑ ነጋዴ ሐጂ ሐሙዲ ስም የጸናበት፣ በ1906 የተሠራው መስጊድ ነጭ ሚናሬቱን አንሥቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ቀድሞ የባለቅኔው የራምቦ ነበር፤ አሁን የነጻነት ታጋዩ የመሐሙድ ሐርቢ ነው። ጥቂት አልፎ የላይኛው ከተማ እምብርት ይመጣል፤ ነጻነት በታወጀበት ቀን «ሰኔ 27» ተብሎ የተሰየመ አደባባይ ነው፤ ሰው ግን ዛሬም «ምኒልክ» ይለዋል። አደባባዮቹ በሰው ስም ሲጠሩ፣ ሲሻሩና እንደገና ሲሰየሙ ታችኛው ከተማ ከቁጥሩ አልተነቃነቀም። ቁጥርን የሚሽር መንግሥት የለም መሰለኝ፤ የሚያስቀይም ስም የለበትማ።

ለእግር የተመቸው ያው ሥሪት ግን ለጭንቅ ቀንም ተመችቷል። ከ1940 እስከ 1942 ቅኝ ግዛቱ ከቪሺ መንግሥት ጋር በወገነ ጊዜ እንግሊዞች በባሕርም በየብስም ከበቡት፤ ሐዲዱ ተቆረጠ፣ ከደጋ የሚመጣው እህልና አትክልት ቀረ፣ ረኃብና የረኃብ በሽታ ገባ። የከፋው በኋላ መጣ። ነሐሴ ወር 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ ነጻነት የሚጠይቅ ሰልፍ ጠበቃቸውና ደም ፈሰሰ። ቀጥታ መሥመር ላይ የተሠራ፣ ቁጥር የተሰጠው ሰፈር ለመክበብና ለመፈተሽ ምን ያህል እንደሚቀል ያን ጊዜ ታየ። ከተማዋ በሙሉ በእሾህ ሽቦ፣ በማማና በፈንጂ ታጠረች፤ «ባራዥ» ይሉታል። መጋቢት 1967 ሕዝበ ውሳኔው ሲደረግ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የአገሩ ተወላጆች አይደላችሁም ተብለው ተባርረው ነበር። ከሽቦው ውጭ የቀረው ሕዝብ ባልባላን መሠረተ፤ ባልባላ ዛሬ ከቀደሙት ካርቲየዎች ሁሉ የሚበልጥ ከተማ ሆኗል።

ኢትዮጵያዊው ወደዚህ ታሪክ የገባው በሐዲዱ ነው። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ጅቡቲ ለእኛ የባሕር በር ብቻ ሳትሆን በባቡር ተኝተው የሚደርሱባት ከተማ ሆነች። ግንቦት 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለስደት የመጡት በዚሁ መሥመር ነው፤ እርሳቸው ከጣቢያው ወደ መርከብ አለፉ። ተራው መንገደኛ ግን ከጣቢያው ወርዶ ዕቃውን በትከሻው አድርጎ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢራመድ ከዘመዱ፣ ካልሆነም ድሬዳዋ ከሚያውቀው ሰው ቤት፣ ካርቲየው ውስጥ ይደርስ ነበር። አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ዓፋርኛና ዐረብኛ በአንድ የሻይ ቤት ጠረጴዛ የተገናኙት በዚህ አኳኋን ነው። በ1977፣ ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት ዓመት፣ በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው ሐዲዱ ሲቆረጥ የተጎዳው ንግዱ ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ።

ዛሬ መግቢያው ሌላ ነው። ከ1998 የኤርትራ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ሾፌሩ የሚያድረው ከከተማዋ ውጭ ፒኬ 12 ላይ ሆነ። አሮጌው ባቡር በ2000ዎቹ መጨረሻ እስከ ጅቡቲ መምጣቱን አቆመ። በጥር 2017 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛውን የሚያወርደው ከከተማዋ ወጣ ባለው በናጋድ ነው። ጅቡቲ ዐሥር ዓመት ተመላልሶ ካርቲየ 5ን በዓይኑ ያላየ ሾፌር አነጋግሬያለሁ፤ «እኛ ከተማ አንገባም» አለኝ፤ የሌላ አገር ወሬ የነገርኩት ያህል ነበር። በሐዲዱ ዘመን የመጡት ደግሞ እያረጁ፣ እያለፉም ነው። የማን ቤት በየትኛው ጎዳና እንደ ነበር የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ አፍ ካልተጻፈ በመዝገብ አይገኝም፤ በመዝገቡ ያለው ቁጥሩ ነው።

መንገዱ ግን አልተዘጋም። ከአሮጌው ጣቢያ ተነሥቶ በምኒልክ አደባባይ፣ በሐሙዲ መስጊድ፣ በሳጥኖቹ ገበያ አድርጎ እስከ ካርቲየ 5 መሄድ የሚሻ ሰው ከቀትር ይጠንቀቅ። በሐምሌና በነሐሴ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ፊት ይለበልባል፤ ከቀትር በኋላ ጫቱ ገብቶ ሴቶቹ በየጠረጴዛቸው ሸጠው ሲጨርሱ ከተማው ጸጥ ይላል፤ ሱቆች ይዘጋሉ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ይነሣ። ካርቲየው ሲደርስ ፀሐዩ በርዶ አልጋዎች ወደ ደጅ እየወጡ፣ ሽማግሌዎች በራፋቸው ላይ ዶሚኖ እየደረደሩ ያገኛቸዋል። በአማርኛ «እንደምን ዋላችሁ» ቢል ከመካከላቸው በድሬዳዋ አነጋገር የሚመልስለት አያጣም።